የዘፈኖቻችንን ስም በፊደላቸው ጻፉልን

አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሱቄ የካሴቱንም የሲዲውንም ዘመን አሳልፌያለሁ። አሁን እንጀራዬ ፍላሽና ሚሞሪ መጫን ነው። ወደ በቆጂና ዶዶላ የሚያቀና ሾፌር፣ ገብሱን ለብቅል ፋብሪካው አስረክቦ የሚመለስ ገበሬ፣ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሁሉም ይመጣና የሚፈልገውን ይነግረኛል። ዘፈኑን አውቀዋለሁ፤ ኮምፒውተሬ ውስጥም አለ፤ ግን አላገኘውም። ከኢንተርኔት የሚወርደው የአማርኛ ዘፈን አብዛኛው ስሙ የተጻፈው በላቲን ፊደል ነዋ፣ ያውም እንደ ጫኚው ደስታ። ይህ ልማድ ይቅር እላለሁ።

በ«ትዝታ» ልጀምር። የማሕሙድ አሕመድ አለ፣ የበዛወርቅ አስፋው አለ፣ የአስቴር አወቀ አለ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በመሣሪያ ብቻ የተጫወተው አለ። አንዱ ጫኚ ከ«ቲ» ቀጥሎ «አይ» ያደርግበታል፣ ሌላው «ኢ»፣ ሦስተኛው መጨረሻው ላይ «ኤች» ይቀጥልለታል። አንድ ስም ሦስት ቦታ ተበተነ ማለት ነው። ይህስ ባልከፋ። የሚብሰው እዚያው «ቲ» ሥር የሚታጨቀው ነው፤ ተ፣ ጠ፣ ፀ አንድ ላይ ይገባሉ። የአለማየሁ እሸቴ «ተማር ልጄ» እና የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» ጎረቤት ሆነዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለ የአልበም ተከታታይ 9ኛ ቅጽ ላይማ «ጭሮ አዳሪ ነኝ» ሳይቀር በ«ቲ» ይጀምራል፤ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ለጨም ለቸም መጀመሪያ «ቲ» ትገባለችና። ሰውዬው ለሙዚቃችን የዋለው ውለታ ትልቅ ነው፤ ለፈረንሳይ አንባቢ የጻፈውን እኛ ለራሳችን መገልበጣችን ነው የሚገርመኝ።

አሰላ የሚኖር ሰው ነገሩን ከሌላው ይልቅ አጥርቶ ያየዋል፤ እዚህ ዘፈን የሚሸጠው በሁለት ቋንቋ ነውና። ኦሮምኛው በላቲን ፊደል ተጽፎም አይጠፋኝም። ቁቤ የሚባለው አጻጻፉ ሕግ አለው፦ ተ «ቲ» ናት፣ ጠ «ኤክስ»፣ ቀ «ኪው»፣ ጨ «ሲ»፣ ቸ ደግሞ «ሲ» እና «ኤች»። አንዷ የሌላዋን ወንበር አትይዝም። እ.ኤ.አ. በ1991 በይፋ ከተመረጠ ወዲህ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ሁሉ ይጽፈዋል። የሀጫሉ ሁንዴሳን «ማላን ጂራ» እና ካረፈ በኋላ የወጣውን «ማል መሊሳ» ስፈልግ ሁለቱም «ኤም» ሥር አንድ አካባቢ ይገኛሉ። ስለዚህ በላቲን ፊደል ላይ ቂም የለኝም። ቅሬታዬ አማርኛን፣ የገዛ ፊደሉ እያለው፣ ሕግ በሌለው ላቲን መጻፋችን ላይ ነው።

የራስ ፊደል ለዘፈን ማውጫ እንዴት እንደሚያገለግል የገባኝ ከጃፓን ወሬ ነው። እኛ የአርሲ ሰዎች ጃፓንን የምናውቃት በሩጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የበቆጂ ልጆች ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ኦሳካ ላይ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ጠቅልለው ያመጡባት አገር ናት። እዚያ ለኩባንያ ቡድን ሮጦ የተመለሰ አንድ የአካባቢያችን ልጅ ሱቄ ቁጭ ብሎ ያጫወተኝ ግን ስለ ካራኦኬ ቤት ነበር። ገንዘብ ከፍለህ፣ ማይክ ይዘህ፣ የወደድከውን የምትዘፍንበት ቤት ነው። ዘፈኑን የምትመርጠው በፊት ከወፍራም መጽሐፍ ነበር፤ ዛሬ በስክሪን ነው። ርዕሶቹ የሚሰደሩት በመጀመሪያው ድምፅ ነው፦ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ፤ ከዚያ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። የጃፓኖቹ ካና እንደ እኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን ባንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ በ«ካ» የሚጀምረው ዘፈን በ«ኪ» ከሚጀምረው ጋር አይደባለቅም። እነሱም «ሳኩራ» የሚባል የርዕስ አባዜ አለባቸው፤ ሳኩራ የሚያብበው ዛፋቸው ነው። ናኦታሮ ሞሪያማ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኬትሱሜይሺና ኮቡኩሮ በ2005፣ ኢኪሞኖ ጋካሪ በ2006፣ ሁሉም በዚሁ ስም ዘፍነዋል። ቢሆንም ማንም አይጠፋም፤ «ሳ» ሥር ሄደህ ዘፋኙን መምረጥ ብቻ ነው። «ትዝታ»ም እንዲህ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

እነሱም ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። ኢሮሃ የሚባል፣ እያንዳንዱን ካና አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚጠቀም ጥንታዊ ግጥም አላቸው፤ ለብዙ ዘመን ዝርዝር የሚሰድሩት በእሱ ተራ ነበር። ኋላ ግን አ፣ ኢ፣ ኡን መርጠው ተስማሙ። እኛም ሁለት ተራ አለን፤ አንዱ ሀለሐመ፣ ሌላው አበገደ። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን የሰደሩት በአበገደ ነው። ከአበገደ የመጣው አቡጊዳም የቴዲ አፍሮ አልበም ስም እስከ መሆን ደርሷል። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ ለዘፈን ማውጫ ግን ልጁም ሽማግሌውም የሚያውቀው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይበቃናል።

ይህን የምለው ሞክሬው ነው። በካሴት ጊዜ ባንኮኒዬ ላይ ባለመስመር ደብተር ነበረኝ፤ ርዕሶቹን በፊደል ተራ እየጻፍኩ መደርደሪያውን በቁጥር እጠቁምበት ነበር። ገዢ ርዕስ አይጠራም፣ አፉ ላይ የመጣለትን ያንጎራጉርልሃል፤ የእኛ ዘፈን ርዕስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመነሻው ወይም የአዝማቹ ቃል ስለሆነ የመጀመሪያዋን ፊደል ከያዝክ ግማሽ መንገድ ሄደሃል። የ ገጽ ቶሎ ይሞላል። በሙላቱ «ኢትዮፒክስ» 4ኛ ቅጽ ላይ ብቻ «የከርሞ ሰው»፣ «የካቲት» እና «የግሌ ትዝታ» አሉ። (የካቲት ወር ናት፣ የማንም ንብረት አይደለችም፤ ማውጫ ግን ሰዋስው አይጠይቅም።) አም እንዲሁ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እዚያ ናቸው። በእጅጋየሁ ሽባባው የ2001 አልበም፣ እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ «አባይ»፣ «አድዋ» እና «አይናማ» ይገኛሉ። ገጹ ሲጠብ ወደ ሁለተኛው ፊደል ማለፍ ነው። እዚያው አልበም ላይ «ጉራማይሌ» ከ«ጉድ ፈላ» ይቀድማል፣ ረ ከደ ስለምትቀድም። አለቀ።

የምር የሚያስቸግረው ሞክሼው ፊደል ነው። «አይናማ» ነው «ዐይናማ»? «አባይ» ነው «ዓባይ»? ደብተሬ ላይ ሀን ከሐና ከኀ፣ አን ከዐ፣ ሰን ከሠ፣ ጸን ከፀ አንድ ገጽ ላይ አስቀምጬ ተገላገልኩ፤ ግእዝ የተማሩ አንድ አባት «ፊደሉን አጋባኸው» ብለው ተቆጥተውኛል። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ርዕሱን ዘፋኙ እንደጻፈው መተው፣ ፍለጋው ላይ ብቻ አንድ ማድረግ ይቻላል። ስልክና ኮምፒውተር ግን አንዷን ጽፈህ ሌላዋን አያመጡልህም። አዲስ አበባ ያላችሁ ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ከባድ ሥራ አይመስለኝም።

የሚያናድደኝ ወደ ኋላ መሄዳችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው የአምሃ እሸቴ አሳታሚ ድርጅት ባወጣቸው ሸክላዎች ላይ ርዕሱ በአማርኛ ታትሟል። የካሴት ልባስም በአማርኛ ነበር። ኮምፒውተር ፊደላችንን በማይችልበት ዘመን በፊደላችን ጽፈን፣ ማንኛውም ስልክ አማርኛ በሚጽፍበት ዘመን ትተነዋል። «የውጭ አድማጭ እንዲያገኘን ነው» የሚሉኝ አሉ። ያግኘን፤ የላቲኑን ከአማርኛው ቀጥሎ ማስገባት ማን ከለከለ? የዶዶላው ሾፌር ግን ይቅደም።

ስለዚህ ዘፋኞች፣ አሳታሚዎች፣ ዩቲዩብ ላይ የምትጭኑ ሁሉ፦ የአማርኛውን ርዕስ በፊደል፣ የኦሮምኛውን በትክክለኛው ቁቤ ጻፉልን፤ ፋይሉም በዚያው ስም ይውጣ። ሬዲዮ ጣቢያዎች በእጃችሁ ያለውን የሸክላና የክር ክምችት ዝርዝር በፊደል ተራ አውጡት። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱም ለመጻሕፍት ካርድ እንደሚሠራው ለዘፈን ይሥራ፤ ርዕስ፣ ዘፋኝ፣ ግጥምና ዜማ ደራሲ፣ ዓመት፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ደንበኞቼ ደግሞ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ስትመጡ የምትፈልጉትን ቁራጭ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡ፤ የዘፋኙን ስም እንዳትረሱ፣ በተለይ «ትዝታ» ከሆነ።