እንግሊዝኛን እንማር፦ «በጣም» ስንት ዓይነት ነው?



በዛሬው ትምህርታችን የአንድን ነገር መጠን የሚገልጹ ተውሳከ ግሦችን እንመለከታለን። ቃላቱ አጫጭር ናቸው፤ ያለ ቦታቸው ሲገቡ ግን የተናጋሪውን ሐሳብ ይገለብጡታል።

በአማርኛ «በጣም» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ ይሠራል። «ሻዩ በጣም ትኩስ ነው» ስንል ማሞገሳችን ይሁን ወይም ለመጠጣት ማስቸገሩን መናገራችን ከሁኔታው ይታወቃል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን በተለያየ ቃል ይለያቸዋል። «ቬሪ» መጠኑ ከፍ ማለቱን ብቻ ይናገራል። በሁለት «ኦ» የሚጻፈው «ቱ» ደግሞ ነገሩ ከሚፈለገው ልክ ማለፉን ያመለክታል። «ሂ ኢዝ ቬሪ ያንግ» ማለት ልጁ በጣም ትንሽ ነው ማለት ነው። «ሂ ኢዝ ቱ ያንግ ቱ ፋስት» ካልን ግን ልጁ ለጾም አልደረሰም ማለታችን ነው። «ኖት» የሚል ቃል ባይኖርበትም ትርጉሙ አሉታዊ መሆኑን ልብ በሉ።

የዚህ ተቃራኒ «ኢናፍ» ነው፤ የሚበቃ ማለት ነው። ቅጽል ሲያጅብ ከኋላ ይመጣል፦ «ሺ ኢዝ ኦልድ ኢናፍ ቱ ፋስት» (ለጾም ደርሳለች)። ከስም ጋር ሲሆን ግን ይቀድማል፦ «ኢናፍ ዋተር» (በቂ ውኃ)። ከአማርኛው በመነሳት «ኢናፍ ኦልድ» ማለት ስሕተት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው «ሃርድሊ» ነው። አንድ ወጣት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀረበ እንበል። «ጠንክሬ እሠራለሁ» ለማለት አስቦ «አይ ሃርድሊ ዎርክ» ቢል «እምብዛም አልሠራም» ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ! ትክክለኛው «አይ ዎርክ ሃርድ» ነው። መጨረሻው ላይ የተጨመረችው «ሊ» ትርጉሙን ጨርሳ ለወጠችው።

በሥራ ማመልከቻ ላይ የቋንቋ ችሎታችንን ስንገልጽም ደረጃ አለው። «ኤ ሊትል» ትንሽ፣ «ፌርሊ ዌል» በመጠኑ ደህና፣ «ቬሪ ዌል» በሚገባ ማለት ነው። ሥራው እንዳያመልጠው የፈራ ሰው «ፌርሊ ዌል» የሚናገረውን ቋንቋ «ቬሪ ዌል» ብሎ መጻፍ ያምረዋል። እንዲሁም «ኦልሞስት» ማለት ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። «ኦልሞስት ቱ ይርስ» የሠራ ሰው «ኦልሞስት»ን ሰርዞ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል ቢል እውነቱን አጉድሏል። ወንድሞችና እህቶች! ቁርኣን ቀጥተኛ ንግግርን ያዘናል (ሱረቱል አሕዛብ 33፡70)። ይህ ትእዛዝ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስንናገር አይለወጥም። ማመልከቻ ላይ የሰፈረ ቃል ምስክርነት ነው፤ ሪዝቅን የሚሰጠው ደግሞ አላህ ነው።

መልመጃ፦ ከቤተሰብ ጋር ሆናችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱ።

1. ሾርባው ሊጠጣ እስከማይቻል ድረስ ትኩስ ነው።
2. ትናንት ማታ እምብዛም አልተኛሁም።
3. ክፍሉ ለእኛ የሚበቃ ትልቅ ነው።

መልስ፦ 1. «ዘ ሱፕ ኢዝ ቱ ሆት ቱ ድሪንክ»። 2. «አይ ሃርድሊ ስሌፕት ላስት ናይት»። 3. «ዘ ሩም ኢዝ ቢግ ኢናፍ ፎር አስ»።