ሦስት ሰከንድ

በየትምህርት ቤቱ ከጠመኔ ድምፅ ቀጥሎ አብዝቶ የሚሰማው «ገባችሁ?» ነው። ስልሳ ሰባ ልጅ በአንድ አፍ «አዎ!» ይላል፤ መምህሩም ሰሌዳውን አጥፍቶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ያልገባው ልጅ ከዚያ ሁሉ ሆታ መሃል ብቻውን «አልገባኝም» ይላል ብሎ መጠበቅ ልጅን አለማወቅ ነው።

ይህ የሚሆነው ሌላ መንገድ ስለማይታወቅ አይደለም። ተማሪ ዕውቀትን ራሱ ይገነባል የሚለው አስተሳሰብ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ፒያዤና ቪጎትስኪ የደከሙበት፣ ለመምህራኖቻችን እንግዳ አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በየሥልጠናው «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» ሲባል ኖሯል። ወደ ክፍል የገባው ግን በአብዛኛው የወንበሩ አቀማመጥ ነው። ልጆቹ በቡድን ተፋጠው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርትማ ጭራሽ ባሰ፤ የቴሌቪዥኑ መምህር ጠይቆ፣ ልጁ ጥያቄውን በቅጡ ሳያነብ መልሱን ራሱ ይናገር ነበር።

በቅርቡ አንድ የአራተኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጬ ተከታተልኩ። መምህርቷ «ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል?» ብላ አንድ ልጅ አስነሣች። «አንድ አራተኛ» አለ። «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» የሚል ጩኸት ክፍሉን ሞላው። እንደተለመደው ቢሆን «ተሳስተሃል፣ ቁጭ በል፤ ማን ይንገረው?» ነበር የሚከተለው። እሷ ግን እጃቸውን እንዲያወርዱ አድርጋ «እንዴት አስበህ ነው?» አለችው። ልጁ ዝም አለ፤ እሷም ዝም አለች። ቆይቶ «አራት ከሦስት ስለሚበልጥ» አለ።

«እሺ፤ አንድ ድፎ ዳቦ እዚህ ቤት ለሦስት ልጅ፣ እዚያ ቤት ደግሞ ያንኑ የሚያህል ለአራት ልጅ ቢቆረስ፣ አንተ የት ትበላለህ?»

«ሦስቱ ጋ!» አለና ቆም ብሎ፣ «እንዴ ቲቸር፣ ሰው ሲበዛ ድርሻው ያንሳላ!»

«ጎበዝ» እንኳ አላለችውም፤ «ታዲያ አንድ አምስተኛስ?» ብላ ወደ ክፍሉ ዞረች።

የዚያ ልጅ ስህተት ምክንያት ነበረው። ቁጥር መቁጠር ከጀመረ አንሥቶ አራት ከሦስት በልጦ አላሳፈረውም። ምክንያቱ ካልተጠየቀ ልጁ ትክክለኛውን መልስ ለፈተና ይሸመድዳል፤ የድሮው እምነት ግን ከሥሩ እንዳለ ይቀመጥና ሰባተኛ ክፍል ላይ ብቅ ይላል።

አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመችው ጥናት መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚታገሡ አሳየች። ትዕግሥቱ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉት ቀነሱ፣ ተማሪዎቹም ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ በጀት አይጠይቅም!

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። የቅኔ ቤታችንን ያስታውስ። ፊደልና ዳዊት በቃል ያጠና ልጅ ቅኔ ቤት ሲደርስ ሕጉ ይለወጣል፤ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት አይቀርብም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ብቻውን ቆጥሮ፣ ሰሙንና ወርቁን ራሱ አስማምቶ ያመጣል፤ ይታረማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይቆጥራል።

የተማሪው ብዛት ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰባ ልጅ ፊት የቆመን መምህር እያንዳንዱን አልጠየቀም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ቢሆንም ሰባውም መልሱን ደብተሩ ላይ ጽፎ ለጎረቤቱ ምክንያቱን እንዲነግር ማድረግ ይቻላል። ከዚያ እጅ ያወጣውን ትቶ ዝም ያለውን መጠየቅ ነው። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። መምህሩ እነዚያን ደቂቃዎች የሚሰስተው «ምዕራፍ ስንት ደረስክ?» የሚለው ሱፐርቫይዘር ስለሚመጣበት ነው። እንግዲህ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት የሱፐርቫይዘሩ ቅጽ ይመስለኛል። የገጹን ቁጥር ትቶ፣ በክፍለ ጊዜው ስንት ተማሪ «ለምን?» ተብሎ እንደተጠየቀና ስንቱ መልሱን እስኪጨርስ እንደተጠበቀ ይመዝግብ።