በብርድ ልብስ ሥር ስለሚደረግ ጨዋታ

ልጅ ጨዋታ መውደዱ ከተፈጥሮው ነውና ማንም አይነቅፈውም። ከወላጆቹ ዓይን ተሸሽጎ የሚጫወተው ጨዋታ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ጥቂት ቃል እንናገርበታለን። ምሳሌ የምናደርገውም ራሱ ከጨዋታ የተገኘ ነው፤ ይኸውም ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በቪዲዮ ጨዋታዎቹ ውስጥ ያስገባው አንድ አጭር ጨዋታ ነው።

ኒንቴንዶ በኪዮቶ ከተማ የተመሠረተው በ1889 ሲሆን (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የመጀመሪያ ሥራው አበባ የተሣለበት የመጫወቻ ካርታ ማዘጋጀት ነበር። በኋላ ግን በ1980 በእጅ የሚያዘውን ጌም ኤንድ ዎች፥ በ1983 ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘውን ፋሚኮም፥ በ1989 ደግሞ ጌም ቦይን አወጣ። በ2003 ዋሪዮ ዌር የተባለ ልዩ ዓይነት ጨዋታ ሠራ። ይህ ጨዋታ ከብዙ ትንንሽ ጨዋታዎች የተሰበሰበ ነው፤ እያንዳንዱም ከጥቂት ሴኮንድ አይበልጥም። አንዲት አጭር ትእዛዝ ትታያለች፤ ተጫዋቹ ወዲያው ካልፈጸማት ዕድሉ ያልፋል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ ናይን ቮልት የተባለ ልጅ ነው፤ ስሙም እንደ ኤሌክትሪክ መለኪያ ዘጠኝ ቮልት ማለት ነው። ልጁ የኩባንያውን አሮጌ ጨዋታዎች የሚወድ ነውና በእርሱ ክፍል የሚቀርቡት ሁሉ ከቀድሞ መሣሪያዎች የተወሰዱ ናቸው። የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮና የ1986ቱ ዜልዳ ብቅ ብለው ያልፋሉ። እንዲህም ሆኖ አባት በልጅነቱ የተጫወተውን ልጁ ለአምስት ሴኮንድ ያህል ያየዋል።

በ2013 ጌም ኤንድ ዋሪዮ በተባለው ጨዋታ ደግሞ ይኸው ናይን ቮልት ሌሊት በአልጋው ላይ ሆኖ በትንሽ መሣሪያ ሲጫወት ይታያል። እናቱ ፋይቭ ቮልት ተኝቶ እንደ ሆነ ለማወቅ በድንገት ትመጣለች፤ በበር ብቻ ሳይሆን በመስኮትም በቴሌቪዥኑም ውስጥ ብቅ ትላለች። ያን ጊዜ ተጫዋቹ መሣሪያውን ሸሽጎ የተኛ መምሰል አለበት፤ እናቱ ካየችው ነገሩ አበቃ። የእኛም ልጆች ከጥንት ጀምሮ ኩኩሉ ሲጫወቱ አንዱ እንደ ዶሮ ይጮኻል፤ የተሸሸጉት ገና እንዳልነጋ ይመልሱለታል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በኩኩሉ ልጅ ከባልንጀራው ይሸሸጋል፤ በዚያኛው ግን ከእናቱ።

ይህን ቀልድ በማየት የሚስቅ ሰው ሁሉ ቤቱን ይመልከት። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሆሳዕና፥ በዱራሜም፥ በሾኔም፥ በሺንሺቾም ልጆች ስልክ ይዘው ብርድ ልብስ ሥር መግባታቸውን የማያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። በእነዚህ አገሮች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከሐድያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋልና በብዙ ቤት ታላቅ ወንድም ወይም አባት በሩቅ ነው። ስልኩን ገዝቶ የሚልክ እርሱ ነው፤ ልጁን የሚጠብቁ ግን እናት ወይም አያት ናቸው። እነርሱም ጨዋታውን ስለማያውቁት መቈጣት እንጂ መጠየቅ አይሆንላቸውም፤ ልጁም መሸሸግን ይማራል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደ ተባለ፥ ዛሬ ጨዋታን የሸሸገ ልጅ ነገ ከባዱን ነገር፥ ይልቁንም ልቡ የተመኘውን የስደት መንገድ፥ ከቤተ ሰቡ ይሸሽጋል። ስለዚህ ጥፋቱ ከጨዋታው ይልቅ ከመሸሸጉ ላይ ነው እንላለን።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ያ አጭር ጨዋታ ራሱ መንገዱን ያመለክታል፤ አሮጌው መሣሪያ ለታላላቆች መግቢያ በር ነውና። በከተሞቻችን ያደጉ ብዙ ወጣቶች በፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፈው ተራቸውን ጠብቀው ኳስ ተጫውተዋል። ሶኒ በ2000 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 2 በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ሲሆን መሠራቱ ከቆመ ቆይቷል። ዛሬ ታናሹ በስልክ የሚጫወተው የኳስ ጨዋታ የዚያ ዘመድ ነው። ስለዚህ በውጭ ያለው ወንድም በስልክ ሲደውል የትምህርቱን ውጤት ብቻ አይጠይቅ፤ «ምን ትጫወታለህ? እኔ በዘመኔ እንዲህ ያለውን እጫወት ነበር» ይበለው። ልጅ ለሚያስቈጣው ሰው ይዋሻል፤ ለሚያውቅለት ሰው ግን ያጫውተዋል።

እናትና አያትም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ጃፓናውያን የካርታ ጨዋታቸውንና አሮጌ መሣሪያቸውን ሳያፍሩ ለአዲስ ትውልድ እንዳቈዩ፥ እኛም ገበታ አለን። በአዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጨዋታና ገበታን በስልክ ለመጫወት እንዲመች አድርጎ ሠርቷል። ልጅ ገበታን በስልክ ሲጫወት አያቱ ከአጠገቡ ብትቀመጥ፥ በመሬት ላይ ጉድጓድ ቈፍረው በጠጠር እንዴት እንደሚጫወቱ ታሳየዋለች። ያን ጊዜ አስተማሪ እርስዋ ትሆናለች፤ ልጁም የሚሸሽገው ነገር አይኖረውም።

ለቤቱም ሥርዓት ይደረግ። ስልክ ማታ ከልጁ ራስጌ ወጥቶ በሳሎን ይደር፤ የጨዋታውም ሰዓት ከጥናት በኋላ ተወስኖ ይታወቅ። ይህ ትእዛዝ ለአባትና ለእናትም ይሁን፤ ራሱ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ የሚያይ አባት ልጁን ቢከለክል ቃሉ አይሰማለትምና። በመስከረም ወር ሐድያ ያሆዴን፥ ከምባታ መሳላን ሲያከብር ዘመድ ከሩቅ ይሰበሰባል። ከአታካናው በኋላ ትልቁም ትንሹም በአንድ ሳሎን ተቀምጠው፥ ታናሹ የስልኩን፥ ታላቁ የፕሌይስቴሽኑን፥ አያት የጠጠሩን ጨዋታ ቢያሳዩ በዓሉን ያደምቁታል እንጂ አይጎዱትም።

በጨዋታው ውስጥ ያለችው ፋይቭ ቮልት ሁልጊዜ የምትመጣው ልጅዋን ለመያዝ ነው። ክቡራን አንባቢዎቻችን ግን ከእርስዋ የሚበልጥ ነገር ማድረግ ይችላሉ፤ በሩን ከፍተው ገብተው «እስቲ አሳየኝ» ማለት ይችላሉ። ይህን ቃል የሰማ ልጅ ብርድ ልብሱን ራሱ ይገልጠዋል።