ከጋፋት የመጣ ጥያቄ

ባለፈው እሑድ ከዶርም ልጆች ጋር በእግራችን ጋፋት ወጥተን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው፤ በ1859 ዓ.ም.። 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ድረስ ሄደ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ሚስዮናውያኑ መድፍ ማቅለጥ አያውቁም ነበር። ሙከራው ሲከሽፍባቸው እንደገና እየሞከሩ ነው የተማሩት፤ የአገራችን ወጣቶችም አብረዋቸው ሠርተዋል።

ታዲያ ያ ዕውቀት የት ገባ? ብዬ ብጠይቅ አንዱ ጓደኛችን «ቀጥቃጭ ልትሆን አማረህ እንዴ?» ብሎ አሳቀብኝ። አልዋሽም፣ እኔም ስቄያለሁ።

ማታ ግን ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ብየዳ ሊማር ሲገባ እናታችን ለጎረቤት «ሥራ እየፈለገ ነው» ትል ነበር፤ አፍራ። ዛሬ የቤታችንን በር የሠራው እሱ ነው። እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የማውቀውን ማዕዘን እሱ በላሜራ ላይ ለክቶ ይቆርጠዋል፤ ከተሳሳተ በሩ አይዘጋም!

እኛ ነገ ክፍል የምንገባ ነን። ለልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ሰነፉን ልጅ «አንተማ መጨረሻህ ቴክኒክ ነው» ሲሉት ሰምቻለሁ። ልጁ አቀረቀረ። እኔም ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ልምምዳችን ተማሪዎቻችንን ይዘን አንድ ብየዳ ቤት ብንሄድስ? የሒሳብ ክፍል መምህሮቻችን ምን ይላሉ?