ከጓሮ ቅጠል ወደ መድኃኒት ዕውቀት

አንዲት እመቤት ስለ ቤት ውስጥ መድኃኒት በዚሁ ዐምድ ያወጣነውን ካነበቡ በኋላ ደብዳቤ ጽፈውልናል። ዳማከሴን ለምች፣ ፌጦን ለሆድ ቁርጠት፣ ጦስኝን ለጉንፋን ማዘጋጀት ከእናታቸው ተምረዋል፤ ከአያታቸውም አንድ የብራና የመድኃኒት መጽሐፍ ወርሰዋል። ይህ በሰፈሩ ስለ ተሰማ ግን ጎረቤቶች የታመመ ሕፃን ታቅፈው ወደ ደጃቸው መምጣት ጀምረዋል። «የማውቀው ጥቂት መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ከዚህ በላይ ለመማር የምሻ ስሆን ከየት ልጀምር?» ሲሉ ይጠይቁናል።

አስቀድመን ስለ ሕፃኑ እንመልስ። ጡት መጥባት የተወ፣ ተቅማጥ አድክሞት ዐይኑ የጐደጐደ ወይም ትኩሳት የያዘው ጨቅላ ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ እንጂ በቅጠል አይፈተን። ክብርት እመቤት ይህን ለጎረቤት መንገር የሚያሳፍር መስሎ ቢታያቸው፣ ጥንት የታወቁት ባለመድኃኒቶች ራሳቸው «ይህ የኔ አይደለም» ብለው በሽተኛ ይመልሱ እንደ ነበር ያስታውሱ።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ። ጀማሪ የሚያውቀው የቅጠሉን ስም ነው፤ ስም ግን ያሳስታል። በብዙ ቤት «የምች መድኃኒት» ሲባል ዳማከሴ ይቀርባል፤ በሌላ ቤት በዚያው ስም ሐረግ ሬሳ ይቀርባል። ሁለቱ በመልክም በዘርም የማይገናኙ ናቸው። ስለዚህ ከጀማሪነት ወጥቶ ለመማር የሚያስብ ሰው አበባ ያለውን ቅርንጫፍ በወረቀት መካከል አድርጎ ያድርቅ፤ የተቀጠፈበትን ቀበሌና ቀን፣ በዚያም አገር የሚጠራበትን ስም ይጻፍበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ኸርባሪየም እንዲህ የደረቁ ዕፅዋት በሥርዓት የሚጠበቁበት ቤት ነው፤ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረውም ታላቅ መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ተፈጽሟል (ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

ቀጥሎ ያለውን ትምህርት ኮሶ ያስተምረን። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገራችን ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ እንደ ነበር፣ ጌታው ኮሶ በጠጡበት ቀንም እንግዳ ከደጅ ይመለስ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያጫውቱናል። ኮሶ ዛፉ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ይህም ቢሆን ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ተወስዶ በነበረበት ዘመን ያስቸገረው አንዱ ነገር ይኸው ነበር። እንግዲህ አንዲቱ የቤት እመቤት ዘንድሮ የተለቀመውን፣ ሌላዪቱ ሦስት ዓመት ጓዳ የከረመውን በአንድ ስኒ ሰፍረው ቢሰጡ መጠኑ አንድ ነው ለማለት አይቻልም። የደከመው ትሉን አያወጣም። ከመጠን ያለፈው ደግሞ የሰውን ዐይን እስከ ማጥፋት መድረሱን ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ለነፍሰ ጡርም ፈጽሞ አይሰጥም። ዛሬ ለኮሶ ትል የሚሰጥ ኪኒን ስላለ፣ ለመማር ሲባል ኮሶ በሰው ላይ እንዲሞከር አንመክርም፤ ዛፉን ለይቶ ማወቅ ግን ከሁሉ የተሻለ ማስተማሪያ ነው።

ስለ መጠን ከተነሣ፣ ዊልያም ዊዘሪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የሠራውን ማንሣት ይገባናል። በሽሮፕሺር አገር አንዲት አሮጊት ውሃ ቋጥሮ የሚያሳብጠውን በሽታ ከሃያ በላይ ቅጠል በተቀላቀለበት መድኃኒት ያድኑ ነበር። ዊዘሪንግ መድኃኒቱን መርምሮ ኃይሉ ዲጂታሊስ በሚባለው በአንዱ ቅጠል ብቻ መሆኑን ዐወቀ። ይሁን እንጂ ወዲያው አላወጀም። ዐሥር ዓመት ያህል ቅጠሉ በየትኛው ወራት ቢቀጠፍ እንደሚሻል፣ ደርቆ ሲፈጭ ምን ያህል እንደሚበቃ ሲመረምር ቆይቶ በ1785 ዓ.ም. መጽሐፉን አወጣ፤ የዳኑትን ብቻ ሳይሆን ያልዳኑትንም በሽተኞች ጻፈ። ይህ ቅጠል በመድኃኒትነቱና በመርዝነቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነውና፣ ያልዳኑትን ባይጽፍ ኖሮ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሰው ብዙ ሰው በገደለ ነበር። እኛ ብዙ ባለመድኃኒቶችን እናውቃለን፤ ያልዳነውን በሽተኛ በመዝገብ የጻፈ ግን ገና አላጋጠመንም።

ስለ ብራናው መጽሐፍ ክብርት እመቤት «አሮጌ ነውና ይጠቅም ይሆን?» ብለው ተጠራጥረዋል። በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረ ጌ ኾንግ የሚባል የቻይና ሊቅ ለወባ ትኩሳት የሚሆነውን ቅጠል በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣትን ጽፎ ነበር። ቱ ዮዮ የተባሉት ቻይናዊት ተመራማሪ ቅጠሉን በሙቀት ሲያዘጋጁ አልሆን ቢላቸው ይህን አሮጌ መጽሐፍ እንደገና አነበቡ። መጽሐፉ «ቀቅል» አለማለቱን አስተውለው፣ ሙቀቱ ኃይሉን ያጠፋው እንደ ሆነ ብለው ያለ ብዙ ሙቀት አወጡት፤ ለዚህም ሥራ በ2015 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስለዚህ ከብራናው ላይ «ዘፍዝፈህ»፣ «ደቁሰህ»፣ «አልመህ» የሚለውን ቃል ሁሉ አንድ ሳይቀር በደብተር ይገልብጡት። የእኛ አገር የመድኃኒት መጻሕፍት ሊቃውንት የደከሙባቸው ናቸው፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የሚባሉት ፖላንዳዊ ሊቅ በ1968 ዓ.ም. ስለ እነርሱ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ባየናቸው ብራናዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ መጠኑ አልተጻፈም፤ መጠኑ በባለቤቱ እጅ ነበር፤ እጁም ከእርሱ ጋር ተቀብሯል።

ማስተዋል ራሱ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ከአገራችን ሰው መማር ይቻላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብዙ ሰው በዚያ አልፏል፤ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ መሆኑን ዐውቆ የጠየቀ ግን እርሳቸው ነበሩ። እንዶዱም ያው በውስጥ ቢወሰድ መርዝ የሆነው የልብስ ማጠቢያ ፍሬ ነው።

ክብርት እመቤት በሁለተኛው ደብዳቤአቸው የአያታቸው ልጅ የሆኑ አክስት በሕይወት መኖራቸውን ነግረውናል። አክስቲቱ «መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል» ብለው እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አላወጡም። እኛም እንዲህ ብለን መለስን፤ በቃል እንዲነግሩ አይለምኗቸው፤ ይዘዋቸው ወደ ዱር ይውጡ፤ እርሳቸው ሲቀጥፉ ዝም ብለው ይመልከቱ፤ በእጃቸው የያዙትንም በቤት ውስጥ በሚዛን ይመዝኑት። አክስቲቱ ዝናሙ ካባራ በኋላ፣ ኮሶው ሲያብብ፣ ጉልበታቸው ከፈቀደ አብረው ሊወጡ እሺ ብለዋል።