ምን አለበት?

የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የማይቀር አንድ ምግብ ቤት አለ። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ አስተናጋጁ ክራቫት አስሯል፣ ደንበኛው ሜኑ ይዞ ፈገግ ብሏል። «ኩድ አይ ሃቭ ዘ ችክን፣ ፕሊዝ?» ይላል ደንበኛው። «ሰርተንሊ፣ ሰር» ይላል አስተናጋጁ። ዶሮው ይመጣል፣ ይበላል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ ትምህርቱም ያልቃል።

በዚያ ምግብ ቤት የሚጾም ሰው የለም። ሥጋው እንዴት ታረደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዋጋውን አይቶ የሚደነግጥ የለም። ምግብ አልስማማ ብሎት የሚያውቅ የለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ግጭት የሌለበት ድራማ ድራማ አይባልም እል ነበር። የመጽሐፉ ምግብ ቤትም እንደዚያው ነው፤ ችግር የሌለበት ምግብ ቤት ምግብ ቤት አይደለም።

ጠቤ ከ«ፕሊዝ» ጋር አይደለም። አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ «ያምጡልኝ» ስንል አንቱታው እዚያው አለ። እንግሊዝኛ ግን አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም ያው «ዩ» ስለሆኑበት አክብሮቱን በ«ኩድ» እና በ«ፕሊዝ» ያሟላል። ይህን ያልተማረ የኛ ሰው «ጊቭ ሚ ዋተር» ብሎ ሳያስበው ባለጌ ይባላል። ስለዚህ ይማረው። የምቃወመው ትምህርቱ እዚያ ላይ ማብቃቱን ነው። ልመናውን ተምረን ጥያቄውን ሳንማር እንቀራለን።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ አለ። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ባዮሎጂውንም ኬሚስትሪውንም የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ፕሮቲን ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጽፎ ማርክ ያገኘውን ተማሪ «ይሄ ሾርባ የዶሮ መረቅ አለበት ወይ?» ብለህ ጠይቅ በሉት። ላብ በላብ ይሆናል።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። ረቡዕና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ሁዳዴ አጥብቆ የሚጾም ሰው ለሥልጠናም ይሁን ለኑሮ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሄደ እንበል። ከትምህርት ቤት የያዘው ቃል «ቬጀቴሪያን» ነው። የጾም መስሎት ያዛል። ፒዛው አይብ ለብሶ ይመጣል! ቬጀቴሪያን ማለት ሥጋ የለውም ማለት እንጂ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለውም ማለት እንዳልሆነ ማን ነገረው? ሙስሊሙም «ኖ ፖርክ» የምትል ሐረግ ይዞ ይገባል። የበሬው ሥጋ በማን እጅ፣ እንዴት እንደታረደ ግን በዚች ሐረግ አይጠየቅም። ሁለቱም ይሉኝታ ይይዛቸዋል። አንዱ ቀምሶ ይጸጸታል፣ ሌላው ሳይበላ ከፍሎ ይወጣል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ አይሠራም። ዝምታው ጾም ያስገድፋል፣ ጦም ያሳድራል።

ወደ አገር ቤት እንመለስና ደግሞ አስተናጋጁን እንይ። የኛ ልጆች ብዙዎቹ የሚቆሙት በሜኑው በዚያኛው ወገን ነውና። ልጅቱ እንግሊዝኛ የተማረችው ለደንበኛ የተጻፈውን ነው፤ ዶሮ ማዘዝ ታውቃለች፤ ሽሮ ማስረዳት ግን ማንም አላስተማራትም። «ፋስቲንግ ፉድ» ትለዋለች እንግዳውን። እንግዳው ግራ ይገባዋል፤ በሱ ቋንቋ «ፋስቲንግ» ማለት አለመብላት ነውና፣ የማይበላ ምግብ እንዴት ይቀርባል ብሎ ያስባል። ይሄስ ያስቃል። የማያስቀው ሌላ ነው። የለውዝ ሻይ «ቲ» ተብሎ ሲቀርብለት እንግዳው ለውዝ አለበት ብሎ ከየት ይጠርጥር? ለውዝ የማይስማማው ሰው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ሊሞትም ይችላል። ቢጠይቅስ? ጥያቄው ያልገባት አስተናጋጅ አላውቅም ማለት ስለምታፍር «የስ፣ የስ» ወይም «ኖ፣ ኖ» ትላለች። እሷን አልወቅስም። «አላውቅም፣ ወጥ ቤት ጠይቄ ልምጣ» የሚል ዓረፍተ ነገር በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈላትም።

ለጀማሪ ይከብዳል የሚሉኝ መምህራን አይጠፉም። ቆጥራችሁ ፍረዱ። «ኩድ አይ ሃቭ ዘ ችክን፣ ፕሊዝ?» ስድስት ቃል ነው። «ኢዝ ዜር በተር ኢን ኢት?» አምስት ነው። ቅቤ አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ዶሮ ከማዘዝ ባንድ ቃል ያንሳል! «ቅቤ»ን አውጥቶ «ለውዝ»ን፣ «መረቅ»ን፣ «ሥጋ»ን ማስገባት ደግሞ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። የከበደን ሰዋስው አይደለም። መጽሐፉ የተጻፈው ሁሉን ለሚበላ፣ ዋጋ ለማይጠይቅ ሰው መሆኑን አስተውለን አላረምነውም፤ እሱ ነው ነገሩ።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህር ሆይ፣ ያችን ነጭ ጨርቅ የለበሰች ጠረጴዛ ነገ ክፍል ውስጥ ስትዘረጋ ሰው አስቀምጥባት። አንዱ ጿሚ ይሁን። አንዷ ሐላል ትጠይቅ። አንዱ ኪሱ ሳስቶበት «ሃው መች ኢዝ ኢት?» ይበል፣ ዋጋውን ሰምቶም ሳያፍር ሌላ ይዘዝ። አስተናጋጅ የሚሆነው ተማሪ ደግሞ ከ«ሰርተንሊ፣ ሰር» በፊት «አይ ዶንት ኖው፤ አይ ዊል አስክ» ማለትን ይልመድ። «ፕሊዝ» ለሁሉም ይጨመርበት፤ ቅመም ነው፣ አይጎዳም።

አማርኛችን አንድ ጉደኛ ሐረግ አለው፤ «ምን አለበት»። በጥያቄ ሲሉት ውስጡ ምን ገባ ማለት ነው፤ እጅ እያወናጨፉ ሲሉት ምን ቸገረህ፣ ተወው ማለት ነው። ትምህርታችን እስካሁን ሁለተኛውን ብቻ ሲያስተምር ኖሯል። ሰው የሚበላውን የማወቅ መብት አለው፤ መብቱ ግን የሚሠራው አፉ ሲፈታ ነው።