ከርሞ ጥጃ ክለቦቻችን

ክረምት በመጣ ቁጥር የምናየው ያንኑ ድራማ ነው። ክለቡ አሰልጣኙን ያሰናብታል። አዲሱ አሰልጣኝ በፊት ያሰለጠናቸውን አምስት ስድስት ልጆች አስከትሎ ይመጣል። የክለቡ ገጽ በየቀኑ መለያ ይዞ የቆመ ፈራሚ ይለጥፋል፤ ደጋፊው ከሥሩ «ዘንድሮ ዋንጫው የኛ ነው» ይላል። የውድድር ዓመቱ ሳይጋመስ አሰልጣኙ ይባረራል። በቀጣዩ ክረምት ከስብስቡ ግማሹ የለም።

ይህን «የቡድን ግንባታ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ የቀን ሠራተኛ ቅጥር ነው የምለው።

«ገንዘብ የለንም» የሚለው ሰበብም አይሠራም። ሌስተር ሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. ፕሪሚየር ሊጉን ያሸነፈው በገንዘብ በልጦ አይደለም። ማህሬዝን ከፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ያመጣው ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በማይሞላ ዋጋ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የምንዘነጋው ሌላውን ነው፦ ከዋንጫው በፊት በነበረው ክረምት ፒርሰን ተባሮ ራኒየሪ ሲመጣ ስብስቡ አልተበተነም። ቫርዲና ማህሬዝ ቀድሞም እዚያው ነበሩ። ካንቴ እንዲፈርም የወተወተው ተጫዋች መልማዩ ስቲቭ ዋልሽ ነበር፣ አዲሱ አሰልጣኝ አልነበረም። አሰልጣኝ ሲሄድ ተጫዋች የማየት እውቀቱ ክለቡ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

እንግሊዝ ሩቅ ነው ካላችሁ ታንዛኒያ እንሂድ። ያንጋ ግብ ጠባቂውን ዲያራን በ2021፣ አዚዝ ኪን በ2022፣ ፓኮምን በ2023 እ.ኤ.አ. አስፈረመ። በየዓመቱ በቆመ ቡድን ላይ ጨመረ እንጂ አፍርሶ አልጀመረም። በ2023 የኮንፌዴሬሽን ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ዋንጫውን ያጣው ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ግብ ሕግ ብቻ ነው። የኛው ሻምፒዮን ንግድ ባንክ መስከረም 2017 ላይ ሲገጥመው ምን ሆነ? አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0፣ ዛንዚባር ላይ 6 ለ 0። ባንኩ ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በዓመቱ ዋንጫ ማንሳቱ የሚደነቅ ነው፤ ግን አዲስ አዳጊ በአንድ ዓመት የሚነግሥበት ሊግ፣ ነባሮቹ ምን ሲሠሩ እንደከረሙም ይነግረናል።

ተጫዋቾቹን አልወቅስም። ደመወዙ ለወራት የሚቆይበት፣ አቤቱታ ይዞ ፌዴሬሽን ደጅ የሚጠና ልጅ የአንድ ዓመት ውል ፈርሞ የተሻለ ከፋይ ቢፈልግ ምን ያጠፋል? ጥያቄዬ ለቦርዱ ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ነዋሪ ገንዘብ ነው ለፊርማ የሚወጣው። በዚህ ገንዘብ የሚገዛውን ተጫዋች ማን ነው ያየው? ስንት ጨዋታ ተከታተለው? ወይስ ደላላው የላከው የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በቃ?

በ2011 ዓ.ም ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን አሉ። ስንት ይከፈለው በሚለው ተጨቃጨቅን። ማን መረጠው፣ ለየትኛው ክፍተት፣ ለስንት ዓመት የሚለው ግን አጀንዳ ሆኖ አያውቅም። ከተስፋ ቡድን የሚያድገው ልጅማ ተጠባባቂ ወንበር አሙቆ፣ በውሰት ዞሮ፣ ይረሳል።

ከአሰልጣኙ ጋር የማይባረር አንድ የምልመላ ኃላፊ ቅጠሩ። ደመወዙ ከአንድ አጥቂ ፊርማ አይበልጥም። ለዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾች የሦስት ዓመት ውል ስጡ፣ ደመወዛቸውንም በወሩ ክፈሉ።

እስከዚያው አንድ ነገር አድርጉልን። በዚህ ክረምት የአዲስ ፈራሚ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት፣ ከሦስት ዓመት በፊት ካስፈረማችኋቸው ውስጥ ዛሬም መለያችሁን የለበሱትን ስም ዝርዝር ለጥፉ።